ብዙ ሬድዮ በአንድ ፓወር ሰፕላይ

የዛሬው ትምህርት የሚነሳው ከአንድ የተቃጠለ ሬድዮ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከዶርም ጓደኛዬ የአባቱን ሬድዮ ተዋስኩ። ባትሪው አልቆ ስለነበር ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁትን የ12 ቮልት አዳፕተር ሰካሁበት። መሰኪያው ልክክ ብሎ ገባ። ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሬድዮው የሚፈልገው 6 ቮልት ነበር፤ ከጀርባው ተጽፎበታል፣ እኔ ግን ገልብጬ አላየሁትም። ጓደኛዬ «ችግር የለውም» አለኝ። ክረምት ቤቱ ሲሄድ ለአባቱ ምን ብሎ እንደነገራቸው እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የዚያን ቀን ጉዳቱ በአንድ ሬድዮ ቆመ፤ አንድ አዳፕተር ለአንድ ዕቃ ነበርና። ብዙ ዕቃ ከአንድ ምንጭ ሲበላ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ይህን በደንብ የሚያውቁት ስካነር የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። ስካነር በውስጡ የተመዘገቡለትን ፍሪኩዌንሲዎች በፍጥነት እየቃኘ ድምፅ ያገኘበት ላይ የሚቆም ሬድዮ ነው። በአሜሪካ ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። አንዱ ላይ ሲቆም ሌላው ስለሚያመልጠው፣ አንዱን ስካነር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ለአውሮፕላኖች፣ ሁለተኛውን 156 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለመርከቦች፣ ሦስተኛውን 162 ሜጋኸርዝ ላይ ለአየር ሁኔታ መግለጫ ይመድባሉ። ታዲያ እያንዳንዱ ከነአዳፕተሩ ሲመጣ ዲቫይደሩ ይሞላል። ስለዚህ ብዙዎቹ አዳፕተሮቹን ትተው ሁሉንም ከአንድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ያገናኛሉ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ስካነር ባይኖርም ሬድዮ፣ ራውተር፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና የላብ ፕሮጀክት አሉ። ሒሳቡ አንድ ነው።

በመጀመሪያ ቮልትና አምፔርን እንለይ። ብዙ ጊዜ የምሰማው ስጋት «10 አምፔር የሚሰጥ ሰፕላይ ግማሽ አምፔር የሚፈልገውን ሬድዮ ያቃጥለዋል» የሚል ነው። አያቃጥለውም። ሬድዮው የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። የሚያቃጥለው ከሚፈልገው በላይ የሆነ ቮልት ነው። ስለዚህ ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን የሁሉም ዕቃዎች ድምር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 0.5 አምፔር የሚወስዱ ሦስት ሬድዮዎች፣ 1 አምፔር የሚወስድ ራውተርና 2 አምፔር የሚወስድ አምፕሊፋየር ካሉን ድምሩ 4.5 አምፔር ነው። 5 አምፔር ሰፕላይ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ በጫፉ ላይ እንዳይሠራ ግን እኔ 6 ወይም 7 አምፔር እመርጣለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ትንሿ አዳፕተር ደካማ በመሆኗ ትጠብቀን ነበር። ሽቦው ተልጦ ሾርት ቢያደርግ ግማሽ አምፔሯን ሰጥታ ትወድቃለች፤ ቢበዛ እሷው ትቃጠላለች። ትልቁ ሰፕላይ ግን አይወድቅም። ያለውን 10 አምፔር በዚያች ቀጭን ሽቦ ውስጥ ያለማመንታት ይለቃል። ሰፕላዩ ራሱ መከላከያ ቢኖረውም የሚነቃው ከራሱ አቅም ሲያልፍ ነው፤ ለእሱ 10 አምፔር ጤናማ ሥራ ነው። ሽቦው ግሎ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከዚያ ፍራሹ ወይም መጋረጃው ይከተላል። በአንድ ዶርም ውስጥ የምንተኛው ስንት እንደሆንን አስቡት።

ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ግማሽ አምፔር ለሚወስድ ሬድዮ የ1 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዙ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ይገባል፤ ቦታውም ሰፕላዩ አጠገብ እንጂ ሬድዮው አጠገብ አይደለም። ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። «አንድ ትልቅ ፊውዝ ለሁሉም» ያለኝ የክፍል ጓደኛ ነበር። 10 አምፔር ፊውዝ ግን በቀጭኑ ሽቦ ላይ 8 አምፔር ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል።

ሁለተኛው አደጋ ፖላሪቲ ነው። ከዕቃው ጀርባ ትንሽ ክብ ሥዕል አለች፤ የመሰኪያው መሐል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ የምትነግረው እሷ ናት። አብዛኛው ዕቃ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ከድሮ የጃፓን ሬድዮዎች መካከል ግን ተቃራኒ የሆኑ አሉ። በአንድ ሰፕላይ ላይ ይህ ስሕተት ጎረቤት ይነካል። የሬድዮዎቹ ኔጋቲቭ የሚገናኘው በሰፕላዩ ብቻ ሳይሆን በአንቴናው ገመድ ልባስና በድምፅ ገመዱም ጭምር ነው። አንዱ ተገልብጦ ከተሰካ ፖዘቲቩ በቀጭኗ የድምፅ ገመድ በኩል ወደ ሌላው ሬድዮ መሬት ሊሄድ ይችላል። ሁለት ሬድዮ ማለት ነው፤ ምናልባትም የሁለት ሰው።

ቮልታቸው የተለያየ ዕቃዎችስ? ለሬድዮ የሚሸጡ ሰፕላዮች ብዙዎቹ 13.8 ቮልት ናቸው፤ ሞተሩ የተነሳ መኪና ባትሪ ከሚያሳየው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ለመኪና የተሠራ ሬድዮም ይህን ይቀበላል። 12 ቮልት የተጻፈበትን ራውተር ግን በእርግጠኝነት ሳናውቅ 13.8 ላይ አንሰካም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ከኤሌክትሮኒክስ ኮርስ የምናውቀውን 7812 እናነሳለን፤ እሱ ግን በትክክል እንዲሠራ ከሚያወጣው 2 ቮልት ያህል የበለጠ መግቢያ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን ትርፍ 1.8 ብቻ ነው። ለ9 ቮልት ሬድዮ 7809 ይሆናል፤ ሬድዮው 0.4 አምፔር ቢወስድ 4.8 ቮልት በ0.4 ሲባዛ 1.92 ዋት በሙቀት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሂት ሲንክ ያስፈልገዋል። ለራውተሩ የሚሻለው ባክ ኮንቨርተር ነው።

ባክ ኮንቨርተር ብዙም አይሞቅም፣ ግን ይጮኻል። በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ የሚፈጥረው ኖይዝ ሬድዮ ውስጥ ይገባል፤ በኤኤም የሚተላለፍ ጣቢያ ላይ ከኤፍኤም ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። ምንጩን ለማወቅ ሬድዮውን በባትሪ አስነሥታችሁ አዳምጡ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰፕላይ አብሩ፣ አጥፉ። ጩኸቱ አብሮ ከመጣና ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። ማራቅና በሽቦው ላይ የፌራይት ቀለበት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

የሽቦ ውፍረትም አይናቅ። 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 3 ሜትር ብንዘረጋ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱ 0.14 ኦም ገደማ ይሆናል። በ4.5 አምፔር 0.63 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ድምፅ ስንጨምር ሬድዮው የሚንቀጠቀጠው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ገንዘብ ለማዳን የድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የምትጠቀሙ አላችሁ። የ12 ቮልት መስመሩ ጥሩ ጉልበት አለው፤ ለዚያውም ነው ፊውዙ የግድ የሚሆነው። ሳጥኑን ግን አትክፈቱ። የእኛ 220 ቮልት ተቀይሮ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ላይ 311 ቮልት ያህል ይቀመጣል፤ ከሶኬት ከነቀላችሁትም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

ሁሉም ሲገጣጠም ዕቃዎቹን ከመሰካታችሁ በፊት ሰፕላዩን ባዶውን አብሩና እያንዳንዱን መሰኪያ በመልቲሜትር ለኩ፤ ቮልቱንም፣ መሐሉ ፖዘቲቭ መሆኑንም። ከዚያ አንድ በአንድ ስኩ፣ በየመካከሉም ሽቦውን በእጃችሁ ዳስሱ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ዕቃ፣ የተዋሳችሁትን በመጨረሻ።

መልቲሜትር የሌላችሁ ወይም ከዕቃችሁ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ግራ ያጋባችሁ ካላችሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ አለሁ፤ መልቲሜትሩን ይዤ እመጣለሁ፣ እናንተ ዕቃውን ከነአዳፕተሩ አምጡ።