ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ተናጋሪ

በእንግሊዝ አገር ክሪኬት የሚጫወቱ ሰዎች እግራቸው ሲደክም ወደ ማሠልጠን፣ ከዚያም ወደ ራዲዮና ቴሌቪዥን ማለፋቸው የተለመደ ነው። ዴቪድ ሎይድ የተባለው ለአገሩ ተጫውቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 1999 ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ፣ ኋላም ለብዙ ዓመታት ጨዋታ ሲያስተላልፍ ኖሯል። በአገራችን ክሪኬትን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ስፖርትን በእግሩ ጀምሮ በአንደበቱ ያገለገለ ሰው አላጣንም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ነበሩና፣ ንግግሩን ከቤት የወረሱት ይመስለናል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቧል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን አሠልጣኝም እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ቀን ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙን፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አግብቶ 4 ለ 2 ተፈጸመ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ በዓለም ጉባኤዎች ፊት ተከራክረዋል። ይህ ሁሉ በየጊዜው ይነሣል። እኛ ግን እምብዛም የማይነሣውን አንድ ሥራቸውን ከዋንጫው አናሳንሰውም፤ ይኸውም የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መመለሳቸው ነው። አባቶቻችን ፍጹም ቅጣት ምትን «ሪጎሬ» ይሉ የነበረው ከጣሊያን ሰምተው ነው። ሰው ስሙን በውሰት፣ ሕጉን በወሬ ብቻ ካወቀ፣ ዳኛው ሲነፋ በምን ይከራከራል?

አሁን ወደ ጌዶ እንምጣ። ከአምቦና ከጉደር አልፎ በነቀምት መንገድ ላይ ባለው በዚህ ደጋ ከተማ፣ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ የሜዳው ሕግ ግን ብዙ ጊዜ የኳሱ ባለቤት ቃል ነው። እርሱ ተቆጥቶ ኳሱን ይዞ ከሄደ ጨዋታው አለቀ። የአብዛኞቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ አቶ ይድነቃቸው ለአማርኛ ተናጋሪ ያደረጉት ለእነዚህ ልጆች በኦሮምኛ ሊደረግላቸው ይገባል። ሥልጠናውም ሆነ የጨዋታው ትረካ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ስለዚህ ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው ዕረፍት 17ቱን ሕጎች ተካፍለን በቀላል ኦሮምኛ አባዝተን ብንወስድ ምን ይከብደናል? ትርጉሙን ለሽማግሌም ለልጅም ድምፃችንን ከፍ አድርገን አንብበን እንፈትነው፤ ያልገባቸው ቃል ይለወጥ። ከሁሉ አስቀድመን 11ኛውን፣ የኦፍሳይድን ሕግ፣ እንያዝ፤ ጠብ የሚበዛው በእርሱ ነውና።