የሐሙስ ዳዊት

ዳዊት በእኛ ልማድ አይነበብም፤ ይደገማል። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ በመልእክተ ዮሐንስ አፉን ከፈታ በኋላ ዳዊት ይገባል፤ ጨርሶ ሲወጣም «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል። አድጎ በየማለዳው መጽሐፉን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ሲጸልይበትም የሚያደርገው ያው መድገም ነው። ቃሉን በጥሞና ላየው ብዙ ይናገራል። የሚጸልይ ሰው ሌላው አስቀድሞ ያለውን፣ ራሱም ባለፈው ሳምንት ያለውን፣ ዛሬ ዳግመኛ ይለዋል።

ብዙዎቻችን ወደ እግዚአብሔር መቅረብን እንደ ስሜት እንጠብቀዋለን። ለጸሎት ቆመን ልባችን ካልሞቀ፣ ዓይናችን እንባ ካላቀረረ የራቅን ይመስለናል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲህ አስብ ነበር። ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ የዳዊት አደጋገም ሥርዓት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ በ15 ይከፈላል፤ አሥሩ መዝሙር አንድ ላይ «ንጉሥ» ይባላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እንዲሁ ሦስት፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 ሁለት፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ሦስት፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130 ሁለት፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ሁለት ንጉሥ ይደገማል። እሑድ የጸሎተ ነቢያትና የመሓልየ መሓልይ ዘሰሎሞን ቀን ነው። እዚህ የምጠቅሰው ቁጥር የግዕዙ ነው። ዕብራይስጡ ግዕዙ አንድ አድርጎ የያዘውን ዘጠነኛ መዝሙር ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው መዝሙር በእርሱ ዘንድ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር አንዱ መጽሐፍ ላይ 22፣ ሌላው ላይ 23 ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ይህ ሥርዓት የሚደግመውን ሰው «ዛሬ እንዴት አደርክ?» ብሎ አይጠይቅም። ሰኞ ደስ ብሎህ ብትነሣም 12ኛው መዝሙር ላይ ትደርሳለህ፤ በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» እያለ እግዚአብሔርን የሚጠይቅ አጭር መዝሙር ነው። ከዚያ 21ኛው ይመጣል፤ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ መክፈቻውን የጮኸበት፣ የተተወ ሰው ጩኸት። ወዲያው ደግሞ 22ኛው፣ የእረኛው፣ ይከተላል። የተተወውና የሚጠበቀው ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ማለዳ፣ በአንድ አፍ ትላቸዋለህ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሐሙሱ ነበር።

ልጅ ሆኜ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ስማር 87ኛው መዝሙር ላይ ደረስኩ። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙራት ቢያለቅሱም መጨረሻቸው ላይ ፊታቸውን ያበራሉ፤ ወይ ምስጋና ወይ መታመን ይመጣል። 12ኛው እንኳ በአራቱ ጥያቄዎች ጀምሮ የሚያበቃው በዝማሬ ነው። ይህኛው እንዲያ አያደርግም። የሚጸልየው ሰው ሌትም ቀንም ጮኾ፣ ወዳጆቹ ርቀውት፣ ራሱን ከሙታን ጋር ቆጥሮ፣ በመጨረሻ ጨለማ ላይ ያቆማል። ከዚያ በታች ባዶ መስመር ብቻ ነው። ቅጠል የጎደለ መሰለኝና «የኔታ፣ ይሄ አላለቀም መሰለኝ» አልኩ።

«አልቋል» አሉ።

«ጨለማ ላይ?»

የኔታ ትንሽ ዝም አሉና «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«ሐሙስ ነው፣ የኔታ።»

«የሐሙስ ስንት ንጉሥ ነው?»

«ሦስት።»

«አንተ ስንተኛው ላይ ነህ?»

ከ81 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። «የመጀመሪያው ላይ።»

«ታዲያ ምን አቆመህ? ቀጥል።»

የቀጠልኩት 88ኛው የእግዚአብሔርን ምሕረት ለዘላለም ለመዘመር ቃል በመግባት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ አልነበረም፤ ዱላ ፈርቼ ነው የቀጠልኩት። ዛሬ ግን የኔታ ያሳዩኝን እንዲህ አድርጌ እረዳዋለሁ፦ 87ኛው መዝሙር ለራሱ ተስፋ አያበጅም። ተስፋው ያለው በተቀመጠበት ቦታ፣ ከፊቱ 86 መዝሙር ኖሮ ከኋላው 63 በመቅረቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያ ጨለማ ላይ የሚያቆም ሰው ጨለማውን ለማን እየነገረ ነው? ሰው ሲከፋው ስለ እግዚአብሔር ለጎረቤቱ ያማርራል፤ ወይም ዝም ይላል። የ87ኛው መዝሙር ባለቤት ግን «ፊትህን ለምን ከእኔ ትመልሳለህ» የሚለውን ክስ ሳይቀር ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል። ከሄደ ሰው ጋር ማንም አይሟገትም። ልጅ ኩርፊያውን እናቱ ፊት ቆሞ የሚያሳየው እናቱ እንደምታየው ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ምሬት ብቻውን የመራቅ ምልክት ነው ብዬ አላምንም፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ሊደርስበት የሚችለው የቅርበት ጥግ እርሱ ይሆናል። ዝምታው ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

አሁን ወደ ሰዋስው ልውሰዳችሁ፤ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሳየኝ ሰዋስው ነውና። 22ኛውን መዝሙር አውጥታችሁ ተውላጠ ስሞቹን ብቻ ተከተሉ። መጀመሪያ ላይ ስለ እግዚአብሔር «እርሱ» እየተባለ ይነገራል፦ የሚያሳርፍ እርሱ፣ በውኃው ዘንድ የሚመራ እርሱ፣ ነፍስን የሚመልስ እርሱ። ለምለሙ መስክ ላይ እያለን ስለ እርሱ እናወራለን። የሞት ጥላ ያለበት ቦታ ሲደረስ ግን አነጋገሩ በድንገት ይለወጣል፤ «እርሱ» ቀርቶ «አንተ» ይሆናል። ስለ እረኛው ሲያወራ የነበረው በግ፣ መንገዱ ሲጨልም፣ እረኛውን ራሱን ያናግራል። መዝሙሩ ስለ ቅርበት የሚያስተምረው ትልቁ ትምህርት እዚህች ተውላጠ ስም ላይ ያለ ይመስለኛል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ይህችን «አንተ» ለመስማት የተለየ ጆሮ አለን። ለታላላቆቻችን፣ ለየኔታ፣ ለንስሓ አባታችን «እርስዎ» እንላለን። ስለ ቅዱሳን ስንናገር «አቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸለዩ» እንጂ «ጸለየ» አንልም። ወደ ሰማይና ምድር ፈጣሪ ስንዞር ግን «ስምህ ይቀደስ» እንላለን፤ «ስምዎ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ አንድም ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ ግዕዝ ለንጉሥም ለእረኛም «አንተ» ነውና የአክብሮት «እርስዎ» የለውም። እኔ ግን ከዚህም በላይ ይሰማኛል። አማርኛ የአክብሮትን ደረጃ ሁሉ ከፈጠረ በኋላ፣ የደረጃው ሁሉ ጫፍ ላለው አምላክ የልጅነትን አነጋገር ሳይነካው ተወለት። ሽማግሌ ፊት አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ» ሲል የዋለ ሰው ማታ አልጋው አጠገብ ቆሞ «አንተ» ይላል። በቀን ውስጥ ከሚናገራቸው ሁሉ ይበልጥ የከበረውን እንደ ቅርብ ሰው ያናግረዋል።

መቅረብ ሲባል የቦታ ነገር እንዳልሆነ የረቡዑ 72ኛ መዝሙርም ያስረዳል። መዝሙሩ የአሳፍ ነው፤ አሳፍም የክፉ ሰዎችን መደላደል አይቶ እንደ ቀና፣ እግሩም ሊንሸራተት ምንም እንዳልቀረው ሳይደብቅ ይናገራል። ንጽሕናዬን ያቆየሁት በከንቱ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ሁኔታው የተለወጠ ነገር የለም፤ ክፉዎቹ አልደኸዩም፣ እርሱም አልበለጸገም። የተለወጠው ወደ መቅደስ ገብቶ ከቆመበት ቦታ ሲያይ ያየው ነው። መጨረሻ ላይ ለእርሱ የሚሻለው ወደ እግዚአብሔር መቅረብ መሆኑን ይደመድማል። የሚደንቀኝ፣ እዚያው መዝሙር ውስጥ፣ በቅናት ሲቃጠል በነበረበት ጊዜ እንኳ እግዚአብሔር ቀኝ እጁን ይዞት እንደ ነበር መናገሩ ነው። ተይዞ ነበር፤ መያዙን ያወቀው ግን በኋላ ነው።

ተስፋ የሚለው ቃልም ጥቂት ልቆይበት። የመጣው «ተሰፈወ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ተጠባበቀ፣ ተስፋ አደረገ ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ ተስፋ ሲጠፋ «ተቆረጠ» ይላል። ተስፋ የሚቆረጠው እንደ ምን ነው ብዬ ስጠይቅ ገመድ ይመጣብኛል፤ ከጉድጓድ የሚያወጣ ወይም ጀልባ የታሰረበት ገመድ። ይህን የሚያጠናክር ነገር ያገኘሁት በዕብራይስጥ ነው። «ቲቅቫ» የሚለው ቃል ተስፋ ማለት ነው፤ መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 2 ላይ ረዓብ በመስኮቷ ያሰረችው የቀይ ክር ፈትልም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ያቺ ሴት ከተማዋ ተከብባ በነበረበት ጊዜ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የምታደርገው ብዙ ነገር አልነበራትም። ክሩ ግን በመስኮቱ ታስሮ ነበር። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፤ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠው በእርሱ እጅ ያለውን ጫፍ ነው፤ ሌላኛው ጫፍ የታሰረበት ቦታ እርሱ አይደርስበትም።

መድገም ይህን ጫፍ በእጅ የመያዣ ሥራ ነው። አንዳንዶች «ያልተሰማኝን እንዴት እጸልያለሁ? ግብዝነት አይሆንብኝም?» ይላሉ። ጥያቄው ቅን ነውና በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ዳዊት የአንድ ሰው የግል ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ እውነትም ግብዝነት በሆነ ነበር። ነገር ግን የብዙ ሰው አፍ ነው። 1513 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሮም ከተማ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በመጀመሪያ የታተመውን የግዕዝ መጽሐፍ ሲያወጣ የመረጠው መዝሙረ ዳዊትን ነበር፤ የረዳውም ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ከአገራቸው በእግር፣ በበረሃና በባሕር ርቀው የሄዱ መነኮሳት ይዘውት የሄዱት ይህንኑ ነበር። ሐሙስ 87ኛውን ደስ ብሎኝ በምደግምበት ማለዳ፣ የሆነ ቦታ ጨለማ ውስጥ ያለ፣ አፉ የተያዘ ሰው አለ። ለእርሱ እላለሁ። እርሱ ሊለው ያልቻለውን አፌን አውሼው እላለሁ። ከደረቀ ልብ የወጣ ጸሎት እንኳ በዚህ መንገድ ለሰው ይሆናል።

የዓርቡን የመጀመሪያ መዝሙር፣ 111ኛውን፣ ለብዙ ዓመታት ከሐሙሱ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። እግዚአብሔርን ስለሚፈራ ሰው የሚናገር የተረጋጋ መዝሙር ነው፤ ውስጡ ግን ለቅኖች ብርሃን የሚወጣላቸው በጨለማ ውስጥ መሆኑን ይናገራል። ጨለማው ካለፈ በኋላ የሚል ቃል የለበትም፤ እዚያው ውስጥ ነው። አከፋፈሉን የሠሩት አባቶች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን አልከራከርበትም። ለእኔ ግን ሐሙስን ከዓርብ የሚያስተሳስር ድልድይ ሆኖልኛል።

ታናሽ ወንድሜ ያረፈው በረቡዕ ሌሊት ነው። ለብዙ ወራት ታሞ ነበር፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ በዳዊት እንዲድን ለምኛለሁ። በማግሥቱ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ከልማድ የተነሣ መጽሐፉን አወጣሁ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። 81ን፣ 82ን፣ 83ን አልኩ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ የምለውን አልሰማውም። 87 ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዱ ቃል የእኔ ሆነ፤ ስለ ራቁት ወዳጆችና ዘመዶች የሚናገረው የመጨረሻው ቁጥር ላይ ድምፄ ጠፋ። አላለቀስኩም፤ ዝም ብሎ ጠፋ።

አጠገቤ የሰፈራችን ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የት ደረስክ?»

መናገር ስላልቻልኩ በጣቴ አሳየኋቸው። መጽሐፉን ከእጄ ቀስ አድርገው ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በዝቅታ ድምፅ የቀረውን ቁጥር ጨረሱት። ከዚያም ሳያቆሙ 88ኛውን ጀመሩ።