ቤት በሰው ይኖራል
ነባር የከተማ ማእከላትን ስለ መጠበቅና በሥራ ላይ ስለ ማዋል የቀረበ ትምህርት



«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ስለ ብዙ ነገር ሊነገር ይችላል፤ በከተሞቻችን መካከል ስለሚገኙት ነባር ቤቶች ሲነገር ግን እውነትነቱ ይበልጥ ይጎላል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ቆሞ የሚያደንቀውን የእንጨት ሰገነት የከተማው ተወላጅ «አሮጌ» ብሎ ያልፈዋል። አሮጌነቱ እውነት ነው። ጥያቄው ግን አሮጌ የሆነ ነገር ሁሉ መፍረስ አለበትን? የሚለው ነው።

ጥያቄውን ወደ ቅርባችን እናምጣው። ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ጎንደርን የመሰለ ግንብ፣ ሐረርን የመሰለ ቅጥር የላትም። «ታዲያ ስለ ቅርስ መነጋገር ምን ይረባታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እንደ ጥሊሊ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ታሪክ የተጻፈው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት፣ በጭቃና በቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች የከፈቱት መደብር፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን የዘረጋበት በረንዳ፣ ገበያተኛው የሚያርፍበት ጠላ ቤት የከተማዋ የልደት መዝገብ ናቸው። መንገድ ሲሰፋና አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ አስቀድመው የሚፈርሱትም እነዚሁ ናቸው። ድንጋይ ቢፈርስ ፍራሹ ይቀራል፤ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ግን ምልክት እንኳ አይተውም።

በዚህ ትምህርት ልናስጨብጥ የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም ነባር ቤትን ከጥፋት የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን በውስጡ የሚኖረው ሰውና የሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው።

1. አገልግሎት ጠባቂ ነው

እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ከተማ የተሰበሰቡ የሥነ ሕንፃና የጥገና ሊቃውንት ባወጡት ሰነድ፣ አንድ ታሪካዊ ሕንፃ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ በሆነ ሥራ ላይ ሲውል ጥበቃው እንደሚቃና አስገንዝበዋል። አዲሱ አገልግሎት የሕንፃውን አሠራርና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበትም አክለዋል። ይህ ሐሳብ ከእነርሱ በፊት በተግባር የታየ ነው። በሮም የሚገኘው ፓንቴዎን በጥንት ዘመን የአማልክት መቅደስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ609 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ 4ኛ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። በዙሪያው የነበሩት ብዙዎቹ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ሲሆኑ እርሱ እስከ ዛሬ ጣሪያው ሳይወድቅ መቆሙ፣ በየዘመኑ የሚገለገልበትና የሚጠግነው ባለቤት ስላልታጣ ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለከፍተኛ ትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በዚያ ተመረቀ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም መኖሪያውን በዚያው አደረገ። ቤተ መንግሥቱ የንጉሥ መኖሪያ መሆኑ ሲቀር ባዶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይገጥመው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ ግን ተማሪ ይመላለስበታል፤ ጣሪያው ቢያፈስ የሚያይ ዓይን አለ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በዛንዚባር እናገኛለን። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራውና «የድንቆች ቤት» የሚባለው ታላቅ ሕንፃዋ ግን ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተደርምሶ የሰው ሕይወት አጠፋ። በዚያችው ከተማ «አሮጌው የሕክምና ቤት» የተባለው ሕንፃ በ1990ዎቹ በአጋ ካን ድርጅት ታድሶ ለአገልግሎት በቅቷል። በመዝገብ መስፈር ብቻውን ቤትን እንደማያቆም ከዚህ እንረዳለን።

ለአዊ ሕዝብ ይህን ለማስረዳት ግን ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የፈረስ ባህሉ ለትውልድ የተላለፈው ፈረሱ ስለተጋለበ፣ ልጅም ከአባቱ ኮርቻ መጫንን ስለተማረ ነው። ፈረሱ ለትርኢት ብቻ በጋጣ ታስሮ ቢቀመጥ ኖሮ ጥበቡ ከአንድ ትውልድ ባላለፈ ነበር። ለቤትም ሕጉ ያው ነው።

2. ከሐረርና ከጎንደር የምንማረው

የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአድባራት መካናት ይገኛሉ፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዓመት የቆዩ ናቸው። ነገር ግን ጀጎልን ከብዙ ጥንታውያን ቦታዎች የሚለየው ቁጥሩ አይደለም፤ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ መሆኑ ነው። በአምስቱ ጥንታዊ በሮች ገበያተኛ ይገባል፣ ይወጣል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ ቤተ ሰብ ይኖራል፤ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት መደቦች ላይ እንግዳ ይቀመጣል። ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትና ቁሳቁሶች በዚያ ይታያሉ። ቤቱ ለስብስቡ መጠለያ፣ ስብስቡም ለቤቱ የመኖር ምክንያት ሆኖታል።

ጎንደር ደግሞ ስለ ጥገና ታስተምረናለች። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በፋሽስት ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ተጠግኖ ነበር። ግንቦቹ ግን መጀመሪያ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። ጠንካራው ሲሚንቶ ከለስላሳው ኖራ ጋር አይስማማም፤ ስለሆነም ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራው ተመልሷል። ወራሪዎቹ በከተማዋ መካከል የሠሯቸው ሕንፃዎችም ቢሆኑ ክፉ ዘመን ያስታውሳሉ ተብለው አልፈረሱም፤ ጎንደሬው ፒያሳውን የራሱ አድርጎ ይነግድበታል፣ ይሠራበታል። ቤት የሠሪውን ኃጢአት አይሸከምም፤ የያዘው ሰው በጎ ሥራ ከሠራበት ታሪኩም ይታደሳል።

3. ቤቱ ቀርቶ ሰው ቢሄድስ?

የአዲስ አበባ ፒያሳ የከተማይቱ የቆየ የንግድ ማእከል ነበረች። በዚያ የሚገኘው እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያቋቋሙት ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለከተማው ልማት ሲባል በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ ነባር ቤቶችና መደብሮች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛውረዋል። ሰፊ መንገድና ንጹሕ አካባቢ ማግኘት መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። የተጨናነቀና መጸዳጃ የሌለው ቤት ለማንም አይመኙትም። ሆኖም ከቤት ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ጉርብትና፣ ዕድር፣ ደንበኛ፣ «የእገሌ ሰፈር» የሚባለው ስም። እነዚህ በካሣ ገንዘብ አይተኩም።

የኢኮኖሚ ምክንያትም አለ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ አዲስ ሕንፃ የወጣበትን ገንዘብ ለመመለስ ከፍ ያለ ኪራይ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጥቂት ካፒታል ይዞ የሚጀምር ሰው የሚገባበት አሮጌ ቤት ነው። በጥሊሊም ብናስተውል፣ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ቡና የምታፈላ እናት የመስታወት ሕንፃ ኪራይ አይችሉም። ነባሩ ቤት ሲጠፋ የእነርሱም እንጀራ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ የቤት ጥበቃ የባለ ጸጎች ቅንጦት ሳይሆን የድኾች ጉዳይ ነው። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በቁጥር 143፣ ከተፈጥሮ ሀብት ጎን ለጎን የታሪክና የባህል ሀብትም አደጋ ላይ መውደቁን አመልክተዋል።

4. በጥሊሊ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሀ/ መመዝገብ። ሥራው የሚጀምረው በገንዘብ ሳይሆን በደብተር ነው። ማን ሠራው? መቼ? ምን ይሠራበት ነበር? አሁንስ ማን ይኖርበታል? ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ መዝገቡም አብሮ ይቀበራል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን መቀመጫው ዳንግላ ነበረ፤ ከዚያ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን አጥንቶ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ ስንቱ የዳንግላ ወጣት የቆንስላውን ስፍራ ለእንግዳ ያሳያል?

ለ/ ውኃን መከላከል። የጭቃ ቤት ቀንደኛ ጠላት ዝናብ ነው፤ በአዊ ክረምት ደግሞ ዝናቡ የዋዛ አይደለም። ከቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውኃ በአሸንዳ እንዲወሰድ፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ እንዲቆፈር፣ የቋሚዎቹ እግር በድንጋይ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። የበሰበሰው ብዙውን ጊዜ የቋሚው እግር ብቻ ነውና እርሱን ቆርጦ መተካት ይቻላል፤ ቤቱን በሙሉ ማፍረስ ግድ አይደለም።

ሐ/ በተሠራበት ነገር መጠገን። የጎንደር ትምህርት ለጭቃ ቤትም ይሠራል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ቆይቶ ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ጭቃውንና ማገሩን ከውስጥ ያበሰብሳል። ከጭድ ጋር በደንብ የተቦካ ጭቃ ግን ርጥበቱን መልሶ ይተነፍሳል። የአካባቢያችን ቀርከሃና የሠራተኞቻችን እጅ ጥበብ በዚህ ሥራ ተፈላጊ ናቸው፤ ወጣቶች ከአረጋውያን አናጢዎች ቢማሩ የሥራ መስክ ይሆናቸዋል።

መ/ ተስማሚ ሥራ መፈለግ። ለአንዱ ቤት የሕፃናት ንባብ ቤት፣ ለሌላው የሸማኔዎች መሥሪያ፣ ለሌላው የማርና የእጅ ሥራ መሸጫ ሊስማማ ይችላል። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ የሚወስደው መንገድ፣ አባ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ያዩትን የዓባይ ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን ለማየት ለሚሄድ መንገደኛ በር ነው። ታድሶ ንጹሕ የሆነ አንድ ነባር ቤት ለእንደዚህ ያለው እንግዳ ማረፊያ ቢሆን ከተማዋም ባለቤቱም ይጠቀማሉ። ሥራው ሲመረጥ ግን ቤቱ ለሥራው እንዳይቀደድ፣ ሥራው ለቤቱ ይለካ። መጸዳጃ፣ ውኃና መብራት ማስገባት ቅርስ ማጥፋት አይደለም፤ ሰው እንዲኖርበት ማድረግ ነው።

ሠ/ ሕግን ማወቅ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለይዞታ ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት፣ የጥገና ሥራም በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበትን መንገድ ይዟል። ስለሆነም በከተማ ፕላን ላይ ውይይት ሲጠራ መቅረት አይገባም፤ ከፈረሰ በኋላ ማዘን ቤት አይመልስም።

እርግጥ ነው፣ አሮጌ ቤት ሁሉ አይጠበቅም። ለነዋሪው አደጋ የሆነና ሊጠገን የማይችል ቤት ይፈርሳል፤ መታሰቢያውም በመዝገብና በፎቶግራፍ ይቀራል። የምንቃወመው ሳይመረምሩና ነዋሪውን ሳይጠይቁ ማፍረስን ነው።

5. ማጠቃለያ

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደታደሰ ተዘርዝሮ እናነባለን። ካህኑም፣ ወርቅ አንጥረኛውም፣ ሽቶ ቀማሚውም፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራ ሹምም በስም ተጠቅሰዋል፤ ብዙዎቹም የጠገኑት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ነበር። ሁሉም ሥራውን ከደጃፉ ጀመረ፤ ቅጥሩም ተጋጠመ። የጥሊሊም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙ፣ የካቶሊኩና የሌላውም ደጃፍ በአንድ ጎዳና ላይ ተያይዟልና ሥራው የአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይችልም። ዕድሩ፣ ትምህርት ቤቱና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ሊመክሩበት ይገባል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች (የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ቢወያዩባቸው)

1. በከተማችሁ መካከል ከሚገኙት ቤቶች እጅግ የቆየው የትኛው ነው? ታሪኩን የሚያውቅ አረጋዊ ማን ነው? ሄዳችሁ ጠይቁና ጻፉ።
2. ያ ቤት ቢፈርስ ከባለቤቱ ሌላ ኑሮው የሚነካ ማን ነው?
3. ባዶውን ከተቀመጠ አንድ ነባር ቤት ለየትኛው ሥራ ይስማማል? ምን ቢጠገንለት?
4. ከመጪው ክረምት በፊት በጕልበታችሁ ብቻ፣ ያለ ገንዘብ፣ የአንድ አቅመ ደካማ ጎረቤት ቤት እንዳይጎዳ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?