በሩን አታስነሺው

እስቲ ያን የዋጋ ወረቀት ወዲህ በይውና አብረን እንየው። ሥዕሉስ ያምራል፤ ነጭ ፍሬም፣ ዙሪያውን መስታወት፣ መሐሉ ላይ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ አበባ። የብሮሹር ፎቶ መቼም የሚነሳው ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን እዚች ታች ላይ ነው፤ «በሳሎኑና በኮንሰርቫቶሪው መካከል ያለውን በር ማንሳትና ክፍሉን ማገናኘት» ትላለች። ሻጩ ቤቱ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ነው ያለሽ፣ አይደል? ከመፈረምሽ በፊት ስለዚህች መስመር እንነጋገር። ሌላው ሁሉ ከእሷ በኋላ ነው የሚመጣው።

እንግሊዝ ውስጥ ቤት ላይ የሚጨመር ክፍል ቢልዲንግ ሬጉሌሽን የሚሉትን የግንባታ ደንብ ማሟላት አለበት። መሠረቱ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው ሙቀት መያዙ፣ ሁሉም በተቆጣጣሪ ይታያል። ኮንሰርቫቶሪ የሚሉት የመስታወት ክፍል ከዚህ ነፃ የሚወጣው ቅድመ ሁኔታ ሲያሟላ ብቻ ነው። መሬት ላይ ያረፈ፣ ስፋቱም ከ30 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ይሁን ይላል። ከቤቱ የሚለየው ግድግዳ፣ መስኮትና በር ለውጪ የሚሆን ጥራት ይኑረው ይላል። ማሞቂያው ደግሞ ከቤቱ ማሞቂያ የተለየ፣ ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶም ቢሆን የመስታወቱና የኤሌክትሪኩ ደህንነት ከደንቡ አያመልጥም። እንግዲህ በሩን ስታነሺ ነፃነቱም አብሮት ይነሳል። ክፍሉ በሕግ ዓይን ኤክስቴንሽን ይሆናል፤ በኮንሰርቫቶሪ ዋጋ የተሠራ የመስታወት ክፍል ደግሞ የኤክስቴንሽንን መለኪያ ማለፍ ይቸግረዋል።

«ጓሮዬ ድረስ መጥቶ ማን ያየኛል?» እንዳትይኝ። ቤቱን የምትሸጪ ቀን የገዢው ሶሊሲተር ያይሻል። የተጨመረው ክፍል ወረቀት የታለ ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለሽ ወይ ዋጋ ትቀንሻለሽ፣ ወይ ሽያጩ ይጓተታል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በየዓመቱ የብርድ ወራት ሲገባ የጋዝ ሂሳቡ ይመጣል። መስታወት ደብል ግሌዚንግም ቢሆን እንደ ጥሩ ግድግዳ ሙቀት አይዝም። በሩ ከሌለ ሳሎንሽን ለማሞቅ የከፈልሽበት ሙቀት በመስታወቱ ሾልኮ ይወጣል። ቢልደሩ «ከቦይለሩ አንድ ራዲያተር ልሳብልሽ» ቢልሽም እሺ አትበይው፤ ያም ራሱ ነፃነቱን ያሳጣሻል። ለዚያ ክፍል ለብቻው የሚበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊውን ለይተሽ እወቂ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ የሚያጠኑበት፣ እንግዳ የሚያድርበት ክፍል ከፈለግሽ እሱ ኤክስቴንሽን ነው። ገንዘቡ ይበልጣል፤ ቢልዲንግ ኮንትሮልም ገብቶበት በደንቡ ይሠራል፤ በሩን ማንሳት የሚቻለውም ያኔ ነው። አየሩ ሲመች ወጣ ብለሽ የምትቀመጪበት ብርሃናማ ቦታ ከሆነ የፈለግሽው ግን ኮንሰርቫቶሪ ይበቃሻል። ሰው የሚጎዳው የሁለተኛውን ዋጋ ከፍሎ የመጀመሪያውን ሲጠብቅ ነው።

እርግጠኛ ካልሆንሽ በበዓላቱ አስቢው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሴፕቴምበር ላይ ሰው ብትጠሪ የመስታወት ክፍልሽ ያምርበታል። ፋሲካም አየሩ ከቀናሽ ደስ ይላል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት ግን ጃንዋሪ ላይ ነው፤ ያኔ እንግዶችሽን እዚያ ካስቀመጥሽ ለእያንዳንዱ ጋቢ ማዘጋጀት አለብሽ። የምታስቢው ድግስ የገና ከሆነ ገንዘብሽን ለዚህ አታውጪ።

ሌላው የጓሮሽ አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በጁን እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እዚያ ያደገ ሰው ቤቴ ወዴት ዞሯል ብሎ ብዙም አይጨነቅም። ለንደን ላይ ግን የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በዲሴምበር መጨረሻ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ቀኑም 8 ሰዓት አይሞላም። በጁን ወደ 62 ዲግሪ ትወጣለች፤ ቀኑም ከ16 ሰዓት ያልፋል። ጓሮሽ ወደ ደቡብ ከዞረ በበጋ ሙቀቱ ያስመርርሻል፤ ወደ ሰሜን ከዞረ በዊንተር ፀሐይ የሚባል አታዪም። ወደ ምሥራቅ ከሆነ የጠዋት ቡናሽ ያምራል፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሥራ ስትመለሺ ፀሐይዋ ትጠብቅሻለች። ስልክሽ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ሻጩን ከመጠየቅሽ በፊት ጓሮ ወጥተሽ እዪው።

ሙቀቱን አቅልለሽ አትዪው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ገብቶ ወለሉንና ዕቃውን ያሞቃል፤ ከዚያ የሚነሳው ሙቀት ግን እንደገባበት ተመልሶ አይወጣም፤ አየሩም መሄጃ ያጣል። የመስታወት ቤት ሲፈጠር ለዚሁ ነበር፤ ብርድ ለማይችሉ ተክሎች። ኪው ጋርደንስ ያለው ፓልም ሃውስ ከ1844 እስከ 1848 ሲሠራ ታስቦ የነበረው ለዘንባባ ነው፤ እስከ ዛሬም ውስጡ ሙቅና ርጥብ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን ገብተሽ ጥቂት ቆዪና ውጪ፤ ለዘንባባ የሚስማማው ላንቺ ይስማማ እንደሆነ ራስሽ ትፈርጃለሽ። በጁላይ 19 ቀን 2022 ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግስቢ ላይ 40.3 ዲግሪ ተመዝግቧል። በዚያ ቀን የተዘጋ መስታወት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትሽም።

ስለዚህ ከዚህ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ ጣሪያው ምንድን ነው? ፖሊካርቦኔት ከሆነ ይረክሳል፤ ግን በበጋ ይግላል፣ በዊንተር ይበርዳል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ስልክ አያናግርም። የእናታችን ቤት ቆርቆሮ በሐምሌ ዝናብ እንዴት ይጮህ እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ እሱን ገንዘብ ከፍለሽ አታምጪው። መስታወት ከሆነ ፀሐይን የሚመልስ ሽፋን ያለው መሆኑን በጽሑፍ ያስፍሩልሽ። ሁለተኛ አየር መውጫው የት ነው? ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት ይኑረው፤ የጎን መስኮት ብቻውን አይበቃም። መጋረጃ ካሰብሽም ከመስታወቱ ውጪ የሚሰቀለው የተሻለ ነው፤ ከውስጥ ያለው ፀሐይዋን የሚያገኛት ከገባች በኋላ ነው። ሦስተኛ ከበሩና ከወለሉ አጠገብ ያለው መስታወት ሴፍቲ ግላስ ነው ወይ? ልጅ ሮጦ ቢጋጨው እንደ ቢላ የሚሰበር መስታወት እዚያ መግባት የለበትም።

አሁን ወደ ካውንስሉ። ብዙ ቤት ያለ ፕላኒንግ ፐርሚሽን ኮንሰርቫቶሪ ማሠራት ይችላል፤ ግን ልክ አለው። ከጓሮ በኩል፣ ፎቅ የሌለው ሆኖ፣ ቴራስ ወይም ሰሚ ከሆነ 3 ሜትር፣ ብቻውን የቆመ ቤት ከሆነ 4 ሜትር ድረስ ከኋላው ግድግዳ መውጣት ይችላል። ቁመቱ ከ4 ሜትር አይበልጥም፤ ከጎረቤት ድንበር 2 ሜትር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጣሪያው ጠርዝ ከ3 ሜትር ማለፍ የለበትም። ለካውንስሉ አስቀድመሽ አሳውቀሽ ጎረቤት ከተጠየቀ በኋላ እስከ 6 ወይም 8 ሜትር የሚፈቀድበት መንገድም አለ፤ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው የሚጠየቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። ልኩ የሚቆጠረው ቤቱ መጀመሪያ ከተሠራበት ግድግዳ ነው፤ ቤቱ የቆየ ከሆነ በጁላይ 1 ቀን 1948 ከነበረበት። ካንቺ በፊት የነበሩት ሰዎች ወጥ ቤቱን ወደ ኋላ አውጥተውት ከሆነ ያንቺን 3 ሜትር በልተውታል ማለት ነው። ፍላት ከሆነ ይህ መብት ጭራሽ የለም። ሊዝሆልድ ከሆነ ደግሞ የባለ ርስቱን ፈቃድ ጠይቂ። የተከለለ ጥንታዊ ሰፈር ወይም የተመዘገበ ቤት ከሆነ ሌላ ደንብ አለው። ይህን የምልሽ ስለ እንግሊዝ ነው፤ ዌልስና ስኮትላንድ የራሳቸው አላቸው። ፈቃድ እንደማያስፈልግሽ ብታውቂም ከካውንስሉ ላውፉል ዴቨሎፕመንት ሰርተፊኬት አውጪ። ያ ወረቀት ቤቱን የምትሸጪ ቀን ይናገርልሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጎረቤትሽንም አትርሺ። ከእሱ ቤት 3 ሜትር ውስጥ ከእሱ መሠረት ጠልቆ የሚቆፈር ከሆነ በ1996 የወጣው የፓርቲ ዎል ሕግ ሥራው ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቂው ይልሻል። የጋራ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ሁለት ወር ነው። ወረቀቱን በፖስታ ከመስደድሽ በፊት ግን ቡና ጠርተሽ ሥዕሉን አሳዪው። ሳይነገረው ደብዳቤ የደረሰው ጎረቤትና አስቀድሞ የተማከረ ጎረቤት አንድ መልስ አይሰጡም።

ከዚያ ጓሮሽን ዙሪ። ማንሆል ታያለሽ? የጋራ ፍሳሽ ቧንቧ በ3 ሜትር ውስጥ ካለ የውሃ ኩባንያው ስምምነት ያስፈልግሻል። የቦይለርሽ ጭስ ማውጫ በኋላ ግድግዳ የሚወጣ ከሆነ ኮንሰርቫቶሪው ሊከድነው በፍጹም አይቻልም፤ ማዛወሪያው ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቂ። ትልቅ ዛፍ ካለና መሬቱ እንደ ለንደን ሸክላ አፈር ከሆነ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ጥልቀት የሌለው መሠረት ከቤቱ ተነጥሎ ይንቀሳቀስና መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ «መሠረቱ ስንት ሜትር ይጠልቃል?» ብለሽ ጠይቂ፤ «እንደተለመደው» የሚል መልስ አትቀበዪ።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ የምታስቢውንም አውቄዋለሁ፤ ረከቦቱን እዚያ ዘርግተሽ ቡና ማፍላት። አፍዪ፣ ግን በከሰል አይሁን። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። መስኮት ከፈት አድርጌዋለሁ ማለት መተማመኛ አይሆንም፤ ፍሙ የከሰመ መስሎሽ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ብታስገቢውም ያው ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሚ፤ ከሰል ካማረሽ ደጅ ጓሮ ላይ። እንጀራም እዚያ እጋግራለሁ ካልሽ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ውሎ አድሮም ጥጋ ጥጉ ሻጋታ ይይዛል። ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብም መስመሩን አስቀድመሽ ለኤሌክትሪሻኑ ንገሪው። ለበሶብላና ለጤና አዳም ቦታው ይስማማል። የቡና ችግኝ ከተከልሽ ግን ቡና ጥላ የሚወድ ዛፍ ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ውርጭም ይገድለዋል።

ገንዘቡ ላይ አጭር ልሁን። የተጻፈው ዋጋ 20 በመቶ ቫት አለበት ወይስ የለበትም? ቁፋሮው፣ የአፈሩ ማስወጫ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የወለሉ ማጠናቀቂያ ተካቷል? «ዛሬ ከፈረምሽ ብቻ» የሚል ቅናሽ ከሰማሽ ነገም እንደሚኖር ቁጠሪው። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈዪ፤ የዕቃው ዋጋ ከ100 እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ ሴክሽን 75 የሚባለው ሕግ ባንኩን ከኩባንያው ጋር ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በካርድ የከፈልሽው ቀብዱን ብቻ ቢሆንም እንኳ። የቀረውን በየደረጃው ክፈዪ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ዝናብ ጥሎ ጣሪያው አለማፍሰሱን ሳታዪ አትልቀቂ። የቤት ኢንሹራንስሽም ይወቀው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ለሻጩ ደውይለት። ዋጋውን በሁለት ዓይነት ጻፍልኝ በዪው፤ አንዱ በሩ በቦታው ሆኖ፣ ሌላው በሩ ተነስቶ ክፍሉ በቢልዲንግ ኮንትሮል በሙሉ ደንብ ተሠርቶ። ሁለተኛውን መጻፍ ካልቻለ ወይም «ወረቀት አያስፈልገውም» ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ሁለቱንም ከጻፈልሽ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጪና ከባልሽ ጋር ተማከሩ። የሚበቃችሁ የመጀመሪያው ከሆነ እሱን ፈርሙ፤ ይህቺን በር የሚያነሳውን መስመር ግን ሰርዘሽ፣ ስርዙ ላይ እሱም አንቺም ፈርማችሁበት።