ውሃውን አትሳይው

ቆይ ሆዴ፣ የከሰል እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አንሺው። ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ ነበር። የሚወርደውን ውሃ በመስመር ሞልተሽ ሞልተሽ ገመድ አስመሰልሽው። እስቲ ስልክሽ ላይ ያለውን የድሮ የጢስ አባይ ሥዕል አጉልተሽ እይው። ፏፏቴው መሃል ምን አለ? ምንም። ባዶ ወረቀት ነው። ሰውዬው የሳለው ገደሉን፣ ቁጥቋጦውንና ጥላውን ነው፤ ውሃው ሳይነካ የተወው ቦታ ነው።

ይህ ሊቶግራፍ ይባላል፤ በድንጋይ የሚታተም ሥዕል። ብልሃቱን በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሙኒክ ይኖር የነበረው አሎይስ ዜኔፌልደር ነው። ቅባትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ወጥ ስትሠሪ ታውቂዋለሽ፤ ሥራው የቆመው በዚያ ላይ ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሳላል፤ ድንጋዩ ተዘጋጅቶ ይረጥባል፤ ከዚያ ቀለም የተቀባ መዳመጫ ሲሄድበት ቀለሙን የሚይዘው ቅባት የነካው ቦታ ብቻ ነው። እርጥቡ አይቀበልም። እንግዲህ አስቢው፤ እዚያ ሥዕል ላይ ፏፏቴውን ነጭ አድርጎ ያቆየው ራሱ ውሃ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንደዚህ ያለ ሥዕል ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ ገደሉን አጥቁሪው፣ ውሃውን ተይው። ጢስ አባይን ሰው ጢስ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ጢስ ጠርዝ የለውም። ከታች ውሃው ሲፈርስ ከሰሉን በጣትሽ አሸት አድርጊና ልቀቂው።

ግን ያየሽውን ሁሉ አትመኚ። ብዙ ጊዜ ተጓዡ እዚህ አገር በወረቀት የነደፈውን አውሮፓ ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚገለብጠው ሌላ ሰው ነበር፤ ቦታውን በዓይኑ ያላየ። ድንጋይ ላይ የተሳለ ደግሞ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ሠሪው ካልተጠነቀቀ የወንዙ ማዶ እዚህ፣ እዚህ ያለው ማዶ ይሆናል። ከሥር የቆመችውን ትንሽ ሰውም እያት። ሰው ባነሰ ቁጥር ገደሉ ይረዝማል። ጢስ አባይ ከፍታው 45 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንድ ሥዕል ላይ ግን ሰማይ የሚነካ ይመስላል።

ቢሆንም የድሮ ሥዕሎቹን አልንቃቸውም። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የጢስ አባይ ውሃ ይጠለፋል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ደግሞ ፏፏቴው በበጋ በጣም ቀጠነ። ከዚያ በፊት የተሳለ ሥዕል ሙሉውን ውሃ ያየ ሰው ምስክርነት ነው።

የእኛን ወንዝስ ማን ይመስክርለት? ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ እንግሊዛዊው ሃሪስ ወደ ሸዋ ከመራው ልዑክ ጋር ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. መጥቶ የሳላቸው የአፋርና የሸዋ ሥዕሎች በ1852 ለንደን ታትመዋል። እሱ ከታጁራ አንኮበር ገብቶ ተመለሰ እንጂ የእኛን የጁ አልረገጠም። መርሳ ወንዝን አላየም፣ አላውሃንም አላየም። አንቺ ግን ወልድያ ተቀምጠሽ የሱን ዘመን ሥዕል ትገለብጫለሽ።

ከሲሪንቃ አልፈሽ መርሳ ውረጂ። በነሐሴ ሂጂ፤ ያኔ ውሃው ነጭ አይደለም፣ ደፍርሶ ቀይ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። ይህንን ከስልክሽ አታገኚውም። ውሃውን በከሰል አቅልለሽ አጥቁሪና አረፋውን ብቻ ነጭ ተይው። ደግሞ እባክሽ፣ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ እንዳትስዪ። እዚህ ፀሐይ እየወጣ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። ከድልድዩ ወይም ከፍ ካለው ዳር ሆነሽ ሳይው።

ስትጨርሺ ወረቀቱን ገልብጪና ከጀርባው የወንዙን ስም፣ የቆምሽበትን ቦታ፣ ቀኑንና የራስሽን ስም በቀለም ጻፊበት። መጀመሪያ ለእኔ አምጪልኝ።