አየር ስላለበት የኮንክሪት ጣራ፤ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች የደረሰው ነገር

ሰው ጣራን የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናም ይጠለልበት ዘንድ ነው። ነገር ግን መጠለያ የተባለው ራሱ የሚወድቅ ከሆነ ከሥሩ ከመቀመጥ በሜዳ መቀመጥ ይሻላል። በእንግሊዝ አገር በትምህርት ቤቶች ጣራ ላይ የደረሰው ነገር ይህን ያስተምራል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አየር ያለበትን ኮንክሪት አክሴል ኤሪክሶን የሚባል የስዊድን አገር የሕንፃ ዐዋቂ ከ1920 ዓመት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አገኘው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ደቃቅ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ኖራ በውሃ ይቦካል፤ ጥቂት የአሉሚኒየም ዱቄትም ይጨመርበታል። ከዚህ የተነሣ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣና ቡኮውን እንደ ሊጥ ኩፍ ያደርገዋል። ከዚያም በተዘጋ ምድጃ ውስጥ በብርቱ እንፋሎት ይበስላል። የበሰለውን ቢሰብሩት ውስጡ እንደ እንጀራ ዐይን ዐይን አለው፤ ጠጠርም የለበትም። ተራው ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ይህኛው የሚመዝነው ከ600 እስከ 800 ኪሎ ያህል ነው።

ቀላል ስለ ሆነና ሙቀትን ስለሚጠብቅ፣ ከ1950 ዓመት በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ፌሮ የገባበት ሳንቃ እየሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋደመ። ዕድሜው ግን 30 ዓመት ያህል ነው ተብሎ ይገመታል።

የድካሙም ምክንያት ሦስት ነው።

1ኛ፤ ዐይናማ ስለ ሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃውም ሳንቃውን ያከብደዋል። ተራው ኮንክሪት ጥቅጥቅ ብሎ ፌሮውን ከዝገት ሲጠብቅ፣ ይህኛው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ፌሮው ሬንጅ ወይም ሌላ ቅብ ይቀባ ነበር፤ ቅቡ የለቀቀ እንደ ሆነ ይዝጋል።

2ኛ፤ ዘመን በቈየ ቍጥር የሳንቃው መካከል ይሰረጉዳል፤ በዚያም ዝናም ይቋጠራል፤ የተቋጠረውም ውሃ ክብደት ስርጉዱን ያብሰዋል።

3ኛ፤ የሳንቃው ጫፍ በግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ስፍራ ጠባብ ከሆነ፣ ይልቁንም ከ75 ሚሊሜትር ካነሰ፣ ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል።

በ2018 ዓመት በኬንት አውራጃ የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ወደቀ። ቀኑ የሳምንቱ ዕረፍት ስለ ነበረ ሰው አልተጐዳም፤ ምልክቱ የታየው ግን ሊወድቅ 24 ሰዓት ያህል ሲቀረው ብቻ ነበር። በ2019 ዓመት መሐንዲሶች ለሕንፃ ባለቤቶች ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ቈይቶም በ2023 ዓመት በበጋ፣ አያሰጋም ይባል ከነበረው አንዱ ወደቀ። ስለዚህ መንግሥት ኦገስት 31 ቀን፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከ100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ጣራ ያለባቸውን ክፍሎች እንዲዘጉ አዘዘ። ልጆችም በድንኳን፣ በጊዜያዊ ክፍልና በሌላ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዶቹም በቤታቸው ሆነው ተማሩ። ወላጆች እጅግ ተቸገሩ፤ ነገር ግን ለትምህርት የጠፋ ቀን ይካካሳል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። እስከ 2024 ዓመት መጀመሪያ ድረስ ይህ ኮንክሪት የተገኘባቸው የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች 234 ሆኑ።

እንዲህ ያለውን ጣራ መለወጥ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በመጀመሪያ መሐንዲሱ ኮርኒሱን አስከፍቶ ሳንቃውን ይመረምራል። የሚያሰጋ ከሆነ ክፍሉ ይዘጋል፤ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ይቆማል። ጣራው ግድግዳዎቹን ከላይ አያይዞ የያዘ እንደ ሆነ፣ ሳይነሣ በፊት ግድግዳዎቹ ይደገፋሉ። ሠራተኞቹ በሳንቃው ላይ አይረግጡም፤ ሳንቃው እየተራ ይነሣል። በስፍራውም የእንጨት ወይም የብረት ወራጅ በግድግዳው ላይ በደንብ ዐርፎ ይጋደማል። አዲሱም ጣራ ውሃ እንዳይቋጠርበት ዘንበል ተደርጎ ይከደናል፤ አሸንዳም ይበጅለታል።

ይህ ጣራ ብዙ ዘመን ሳይወድቅ ስለ ቈየ ብዙዎች ደኅና መሰላቸው። ትናንት አለመውደቁ ግን ለነገ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ በማናቸውም ትምህርት ቤት ስንጥቅ፣ ስርጉድ፣ የውሃ ነጠብጣብ ወይም የደረቀ የውሃ ምልክት በጣራው ላይ ያየ ተማሪ ወደ ላይ ሳይወጣ ለመምህሩ ይንገር፤ መምህሩም ሳይውል ሳያድር ለአለቆቹ ያስታውቅ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ነው።

ጥያቄ።
1ኛ፤ ቡኮውን ኩፍ የሚያደርገው ምንድር ነው?
2ኛ፤ ውሃ ይህን ጣራ በስንት መንገድ ይጐዳዋል?
3ኛ፤ ጣራው ሳይነሣ በፊት ግድግዳው የሚደገፈው ስለ ምንድር ነው?