ለአማተር ራዲዮ ጣቢያ የመቈጣጠሪያ ሣጥን አሠራር
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

አማተር ራዲዮ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ በአጭሩ ልግለጽ። ዜናና ዘፈን በሚያሰሙት ጣቢያዎች ዘንድ አንዱ ተናጋሪ ሌላው አድማጭ ብቻ ነው። በአማተር ራዲዮ ግን ሰው ከቤቱ ወይም ከትምህርት ቤቱ ሆኖ በራሱ ማስተላለፊያ ይጠራል፤ በሌላ አገር ያለው ብጤው ይመልስለታል። ደመወዝም ትርፍም የለበትም፤ አማተር ማለትም ሥራውን ስለ ወደደ ብቻ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማንም እንደ ፈቀደ አይጀምረውም፤ የመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የጥሪ ስም «ኢ ቲ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ በ5 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያም «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ስም በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

በእንዲህ ያለው ጣቢያ ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች መቀበያ፥ ማስተላለፊያና አንቴና ናቸው። ዛሬ ከውጭ አገር የሚመጡት አዳዲስ መሣሪያዎች መቀበያውንና ማስተላለፊያውን በአንድ ሣጥን ያጣመሩ ስለ ሆኑ፥ እኔ የምጽፍበት ችግር ውስጣቸው ተፈትቶ ይመጣል። በትምህርት ቤታችን የራዲዮ ክለብ ያሉት ግን ለየብቻቸው ናቸው። መቀበያው በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል። ማስተላለፊያው ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የሠሩት ሲሆን ኃይሉ 20 ዋት ነው። አንቴናውም አንድ ብቻ ነው። የምንሠራበት ሞገድ 7.1 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ 7.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የሞገዱን ርዝመት ለማግኘት 300ን ለ7.1 ብናካፍል 42 ሜትር ከሩብ ይደርሳል። የአንቴናው ርዝመት የዚህ እኩሌታ ሆኖ፥ በሽቦው ጫፎች ምክንያት ከመቶ 5 ያህል ስለሚቀነስለት፥ 20 ሜትር ይሆናል። ከላቦራቶሪው ጣራ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ተዘርግቶ የሚታየውና ብዙ ወላጆች የልብስ ማስጫ ነው ብለው የሚያልፉት ሽቦ እርሱ ነው።

እንግዲህ አንዱ አንቴና ለሁለት ጌታ ማደር አለበት፤ ስንሰማ ለመቀበያው፥ ስንልክ ለማስተላለፊያው። ሣጥኑ ከመሠራቱ በፊት ጣቢያውን የሚይዘው ተማሪ ከመስማት ወደ መላክ በተሻገረ ቍጥር አራት ነገር በእጁ ያደርግ ነበር። አንቴናውን ከመቀበያው ይነቅላል፤ ማስተላለፊያው ላይ ይሰካል፤ የመቀበያውን ድምፅ ይዘጋል፤ ማስተላለፊያውን ያበራል። ሲመለስ ደግሞ እነዚያኑ ከኋላ ወደ ፊት ያደርጋል። ከኢትዮጵያ የሚጠራ ጣቢያ ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ስንጠራ ብዙ ሰው በአንድነት ይመልስልናል፤ እኛ ሶኬት ስንዳብስ ግን የመለሰልን ሁሉ ሰሚ የለም ብሎ ይሄዳል።

ይህስ የጊዜ ጉዳይ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው ዋትን በኦም አባዝተን ሥሩን ብናወጣ ቮልቱን እናገኛለን። አንቴናችን 50 ኦም ነው ብንል፥ 20 ሲባዛ በ50 አንድ ሺሕ ነው፤ የዚህም ሥር 31.6 ቮልት ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣውና በአማተሮች ዘንድ «ብርቱ» የሚባለው ድምፅ ግን መቀበያው ላይ ሲደርስ 50 ማይክሮ ቮልት ብቻ ነው። ሁለቱን ብናስተያይ ማስተላለፊያው ከዚያ ብርቱ ድምፅ 632 ሺሕ ጊዜ ይበልጣል። ማስተላለፊያው እየሠራ አንቴናው ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ መቀበያው ላይ ቢሆን፥ ሹክሹክታ ሊሰማ በተዘጋጀ ጆሮ አጠገብ መድፍ እንደ መተኮስ ነው። የመቀበያው የመጀመሪያ ክፍል ይቃጠላል፤ ለዚህ መቀበያ ደግሞ ምትክ ዕቃ ከገበያ አይገኝም።

ስለዚህ የሣጥኑ ዋና ሥራ ማብራትና ማጥፋት ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። ስንልክ አስቀድሞ አንቴናው ወደ ማስተላለፊያው መዞር አለበት፤ ኃይል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንመለስ አስቀድሞ ኃይሉ ይጥፋ፤ አንቴናው ቀጥሎ ይመለስ። ይህ ተራ በተማሪው ትዝታ ላይ ከተጣለ፥ በደከመበት ወይም ደስ ባለው ጊዜ ይዘነጋዋል። ተራውን የሚጠብቀው የሽቦው አያያዝ ራሱ እንዲሆን ነው ያሰብነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ዕቃ ሪሌ ይባላል። ሪሌ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በብረት ላይ በተጠመጠመው ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ሆኖ መገናኛዎቹን ይስባል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንግ ይመልሳቸዋል። በሣጥናችን ውስጥ ሁለት ሪሌዎች አሉ። አንደኛው ባለ 14 እግርና ባለ አራት መገናኛ ሆኖ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የጄኔሬተርና የሊፍት መቈጣጠሪያ የሚሠሩ ኤሌክትሪሺያኖች ሁሉ ያውቁታል። ሽቦው 160 ኦም ስለ ሆነ 12ን ለ160 ብናካፍል 75 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። ሁለተኛው ከተበላሸ የቤት ስታቢላይዘር ውስጥ የወጣ ትንሽ ሪሌ ነው፤ ባለ አንድ መገናኛ ቢሆንም 10 አምፔር ይችላል። በነገራችን ላይ፥ ስታቢላይዘር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሪሌዎቹ በሙሉ አይበላሹምና ከመጣሉ በፊት መክፈት ይጠቅማል።

የአንደኛው ሪሌ አራት መገናኛዎች ሥራ ተከፋፍለዋል። የመጀመሪያው አንቴናውን ከመቀበያው ወደ ማስተላለፊያው ያዞራል። ሁለተኛው በምንልክበት ጊዜ የመቀበያውን መግቢያ ከመሬት፥ ማለት ከሣጥኑ ብረት ጋራ ያገናኛል። ለምን ይህ አስፈለገ የሚል ይኖራል፤ አንቴናው አንድ ጊዜ ከመቀበያው ከተለየ በቂ አይደለምን? አይደለም። ሁለት ብረቶች ሳይነካኩ ፊት ለፊት ከቆሙ ትንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ። 1 ፒኮ ፋራድ ብቻ ነው ብንል፥ በ7 ሜጋኸርዝ 22,700 ኦም ያህል ነው፤ ከ31.6 ቮልቱም 0.07 ቮልት ያህል ሾልኮ ወደ መቀበያው ይደርሳል። ይህ ትንሽ ቢመስልም ከብርቱው ድምፅ 1,400 ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛው መገናኛ ይህን ሾላኪ ወደ መሬት ይመልሰዋል።

ሦስተኛው መገናኛ የሣጥኑ ልብ ነው። ተማሪው እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ያለውን ነገር በእግሩ ሲረግጥ የባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ወደ አንደኛው ሪሌ ይሄዳል፤ ወደ ሁለተኛው ሪሌ የሚሄደው ግን በዚህ በሦስተኛው መገናኛ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሳይስብ ሁለተኛው ሊስብ አይችልም። ለማስተላለፊያው ኃይል የሚሰጠው ሁለተኛው ሪሌ ነው። አንደኛው ሪሌ ሽቦው ቢበጠስ ወይም አንድ ብየዳ ቢለቅ፥ ማስተላለፊያው ዝም ይላል እንጂ ጉዳት አያመጣም። መገናኛ ሲገጥም ለአንድ አፍታ ይንጠራል፤ ሁለተኛው ሪሌ ለመሳብ የሚፈጅበት ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ግን ይህን ያሳልፋል። አራተኛው መገናኛ ቀይ መብራት ያበራል፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሲመለስ ያለው ተራ ከዚህ ይልቅ ማሰብ ይጠይቃል። እግር ከመርገጫው ሲነሣ ሁለቱም ሪሌዎች በአንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ያጣሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚለቅም ዋስትና የለም። አንደኛው እንዲዘገይ በሽቦው ጫፎች መካከል 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አገባን፤ መርገጫው ሲገናኝ ብዙ ኤሌክትሪክ በድንገት እንዳይስብ ከካፓሲተሩ ጋራ 10 ኦም ሬዚስተር ተከታትሎ ገብቷል። ይህችን 10 ኦም ትተን 160ን በ470 ማይክሮ ፋራድ ብናባዛ 0.075 ሴኮንድ እናገኛለን፤ ይኸውም የካፓሲተሩ ቮልት ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሪሌው አንድ ጊዜ ከሳበ በኋላ ከዚህም ባነሰ ቮልት ስለሚይዝ ጥቂት ጨምሮ ይቈያል። ካፓሲተሩ ያጠራቀመው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለተኛውን ሪሌ እንዳይመግብ ከመርገጫው ወደ አንደኛው ሪሌ በሚሄደው መስመር ላይ አንዲት ዲዮድ አለች፤ ዲዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ በር ናትና። በሁለተኛው ሪሌ ሽቦ ላይም ሲቋረጥ የሚነሣውን ከፍተኛ ቮልት የምታበርድ ሌላ ዲዮድ አለች። ሁሉም ዲዮዶች በየሱቁ የሚገኙት «አንድ ኤን 4007» የሚባሉት ናቸው።

በዚህ ጊዜ አንድ የክለባችን አባል ጥያቄ አነሣች። የሁለተኛው ሪሌ መገናኛ ተቃጥሎ ቢጣበቅስ አለች። እውነት ነው፤ ቢጣበቅ እግር ቢነሣም ኃይሉ አይጠፋም፥ አንደኛው ሪሌ ግን ጊዜውን ቈጥሮ ይለቅና አንቴናውን ከነኃይሉ ወደ መቀበያው ይመልሰዋል። ካፓሲተር ጊዜ ይቈጥራል እንጂ ኃይሉ መጥፋት አለመጥፋቱን አያውቅም። መልሱ አንዲት ተጨማሪ ዲዮድ ሆነች። ከሁለተኛው ሪሌ ወደ ማስተላለፊያው ከሚሄደው የኃይል መስመር ተነሥታ ወደ አንደኛው ሪሌ ሽቦ ትገባለች። ማስተላለፊያው ኃይል እስካገኘ ድረስ አንደኛው ሪሌ በዚያው ኃይል ተይዞ ይቈያል፤ ሊለቅ አይችልም። መገናኛው ቢጣበቅ ቀዩ መብራት እንደ በራ ይቀራል፥ ተማሪውም አይቶ ዋናውን ማጥፊያ ይዘጋል። የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ የመጀመሪያዋ ዲዮድ ሳትኖር ይህች ብትገባ ሁለቱ ሪሌዎች እርስ በርስ ይመጋገቡና ጣቢያው አንድ ጊዜ ከተነሣ መርገጫው አያጠፋውም። በእኔ አስተያየት ከሣጥኑ ሁሉ ይህች ዲዮድ ከዋጋዋ ጋራ ስትነጻጸር የሚተካከላት የለም።

ሣጥኑ ራሱ ከምናለሽ ተራ የተገዛ የአሮጌ ኮምፒዩተር የኃይል ማከፋፈያ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ባዶ ተደርጎ፥ ለሶኬቶቹ በሰርሳሪና በሞረድ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ብረት የተመረጠው ለጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ የማስተላለፊያው ሞገድ ወደ ሌሎቹ ሽቦዎች እንዳይገባ ስለሚከለክል ነው። የአንቴና ሽቦዎች በውስጡ እጅግ አጭር መሆን አለባቸው። ሁለት መቶ ሃያው ቮልት ከሣጥኑ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሁሉም የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ጣቢያው አይቋረጥም። ለሪሌዎቹ ባለ 1 አምፔር፥ ለማስተላለፊያው ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ገብቷል።

አስተማሪያችን ሣጥኑ ሳይፈተን ከአንቴናው ጋራ እንዳይገናኝ ከለከሉ። ስለዚህ በአንቴና ፈንታ ሞገድ የማያሰራጭ ማሞቂያ ሠራን። ባለ 1,000 ኦምና ባለ 2 ዋት የሆኑ 20 ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 50 ኦም ይሆናሉ፥ 40 ዋትም ይችላሉ። ሽቦ የተጠመጠመባቸው ሬዚስተሮች ለዚህ አይሆኑም፤ በዚህ ሞገድ ጥምጥሙ ራሱ ሌላ ነገር ይሆናልና።

ቅደም ተከተሉን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ስላልነበረን በሞባይል ስልክ ተጠቀምን። የትልቁ ሪሌ ሽፋን ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ የትንሹንም ሽፋን በጥንቃቄ አነሣን። ስልኩ በሴኮንድ 240 ሥዕል ስለሚያነሣ እያንዳንዱ ሥዕል 4 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፍን ስንቈጥር፥ ሲረገጥ ትልቁ ሁልጊዜ ቀድሞ ሳበ፤ እግር ሲነሣ ትንሹ ወዲያው ለቀቀ፥ ትልቁ ግን እስከ 27ኛው ሥዕል ድረስ ቈየ፤ ይህም 0.11 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ሃምሳ ጊዜ ደጋገምነው፤ ተራው አንድ ጊዜም አልተዛባም። ከዚያም የትንሹን ሪሌ መገናኛ በአጭር ሽቦ አገናኝተን እንደ ተጣበቀ አደረግነው፤ እግር ቢነሣም ትልቁ አልለቀቀም፥ ቀዩም መብራት አልጠፋም።

አሁን ሣጥኑ በላቦራቶሪው ውስጥ ከመቀበያው በስተቀኝ ይገኛል። ማሰራጨት የሚፈቀደው ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባችን ሲኖር ብቻ ነው፤ ሣጥኑን ለማየት ግን ማንም መምጣት ይችላል። ክዳኑ በአራት ብሎን የተያዘ ሲሆን የሽቦው አያያዝ ሥዕል በክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል፤ በሚቀጥለው ዓመት ክለቡን የሚረከቡት ተማሪዎች ለመጠገን ሲከፍቱት አስቀድመው የሚያዩት እርሱን ነው።